ምዕራፍ ሰባት፦ የጠፋችው ሸክላ በጉንችሬ

የምርመራ ልብወለድ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ ሰው ሌባ አይቸግረውም። ገዳይም አይጠፋም። ጭንቁ ሌላ ነው፤ ሰው የሚዋሽለትን፣ የሚደብቀውን፣ ወንድሙን የሚከዳበትን ዕቃ ማግኘት። ዕቃው በነጠላ ስር ተደብቆ የሚወጣ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋው ለሁሉም ሰው እኩል መታየት የለበትም። ወርቅ ሲጠፋ ለምን እንደተሰረቀ ማንም ያውቃል፤ ምስጢሩ ግማሽ በግማሽ ተፈታ ማለት ነው። የሙዚቃ ሸክላ ግን እንዲህ አይደለም። ቆራሌው ከአሮጌ ጫማና ከተሰበረ ባልዲ ጋር ደምሮ ምናለሽ ተራ ያወርደዋል፤ ለንደን ወይም ቶኪዮ የተቀመጠ ሰብሳቢ ደግሞ ለዚያው ሸክላ የወር ደሞዙን ይከፍላል። በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ውሸት፣ ደላላ፣ ቂምና ክህደት በቀላሉ ይገባሉ።

በዚህ ምዕራፍ እንዲህ ያለ ልብወለድ ከምን ከምን እንደሚሠራ እናያለን። መድረካችን ጉንችሬ ናት፤ ከወልቂጤ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ እምድብርን አልፎ የሚገኘው የእነሞር አገር ከተማ። ስለ ሸክላ የምናነሣው ታሪክ እውነተኛ ነው፤ ጉንችሬ ላይ የምናስቀምጠው ቤተሰብና ስርቆት ግን ለትምህርት የተፈጠረ ነው።

ዕቃው

በሸክላ ሰብሳቢዎች ዓለም የሚያጣላው ጥቂትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፍራንክ ዊልሰንን አንድ ነጠላ ሸክላ አሳትሞ ሳይሸጠው ቀረ፤ ከጥፋት የተረፉት ሁለት ቅጂዎች ብቻ እንደሆኑ ለረጅም ጊዜ ይታወቅ ነበር። አንዷ በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠች። በ2013 ደግሞ ቶሚ ጆንሰን የተባለ የሚሲሲፒ ብሉዝ ዘፋኝ ያወጣው አሮጌ ሸክላ በ37,100 ዶላር ተገዛ። እንግሊዛዊው ደራሲ አንድሩ ካርትሜል ከ2016 ጀምሮ ሸክላ አዳኝ የሆነ መርማሪ ፈጥሮ በተከታታይ የጻፈው ከዚህ ዓለም ተነሥቶ ነው።

የእኛ ሸክላ ታሪክ ለልብወለድ ከዚህም በላይ ይመቻል። በኢትዮጵያዊ የተቀዳው የመጀመሪያው ሸክላ ከ1900 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሊማሩ ጀርመን አገር በሄዱበት ጊዜ የቀዱት ነው፤ 17 ሸክላ እንደቀዱ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ረጅም ዝምታ አለ። ከጠላት ወረራ በኋላ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ባህላዊውን ሙዚቃ ጥቂት በጥቂት አሳተመ፤ በየምሽት ክበቡ በኤሌክትሪክ ጊታርና በሳክስፎን የሚጫወተውን ትውልድ ግን በሸክላ የሚያወጣው አልነበረም።

ይህን በር የሰበረው አምሃ እሸቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሸክላ የሚሸጥበት ሙዚቃ ቤት ነበረው። ወጣቱ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ቀዳ፤ ቴፑን ወደ ሕንድ ልኮ በሸክላ አስወጣና ሸጠ። በሕጉ ዓይን ይህ ድርጊት ጥፋት ነበር፤ ሊከሰስ እንደሚችልም ያውቅ ነበር። አልተከሰሰም። በኋላ ኅትመቱን ወደ ሊባኖስ አዛወረው፤ እስከ 1975 ድረስም 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። እሱ በሩን ከሰበረ በኋላ ፊሊፕስ ገባ፤ መርካቶ የነበረው ዓሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ስም አሳተመ። የዚህ ምዕራፍ የመጀመሪያው «ወንጀለኛ» እንግዲህ አሳታሚው ራሱ ነው። ዘመናዊው የሸክላ ሙዚቃችን ሕግ በመተላለፍ መጀመሩ ማንም ደራሲ ሊያልፈው የማይገባ ስጦታ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፤ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ካሴቱ በርካሽነቱ ሸክላውን አባረረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የሸክላ ኅትመት ቆሞ ነበር። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የወጣው ሁሉ ቢደመር ወደ 500 የሚጠጋ ነጠላ ሸክላና ጥቂት አሥርታት አልበም ነው። ለአንድ አገር ሙሉ ዘመን ይህ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ሸክላ ስንት ቅጂ እንደቀረው፣ የማን ቤት ቁም ሣጥን ላይ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ዓለም የነቃው በአጋጣሚ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሰው በ1984 ከኢትዮጵያ የመጣች አንዲት የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰማ፤ በዓመቱ ፍለጋውን አዲስ አበባ ድረስ ወሰደው። በ1986 ያው የማሕሙድ ሥራ ቤልጅግ ውስጥ ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ደግሞ ከ30 ቁጥር ማለፍ ችሏል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ዋጋ ከዚያ ወዲህ ሽቅብ ሄደ።

ማሕሙድ ራሱ መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ በልጅነቱ ጫማ የጠረገ የጉራጌ ልጅ ነው። ይህ ለታሪካችን ይጠቅማል። መርካቶን ያቀናው የጉራጌ ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመስቀል፣ ሥራውን ዘግቶ አገሩ ይገባል። ጉንችሬም ሰው የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የሸክላ ሣጥን ከመርካቶ ወደ እነሞር የሚገባበት መንገድ ለአንባቢ የሚያስረዳ አንቀጽ አይፈልግም።

ወንጀሉ

ሸክላ ላይ ሦስት ዓይነት ወንጀል ይፈጸማል። የመጀመሪያው ተራው ስርቆት ነው፤ ከሣጥን ማውጣት። ሁለተኛው ሐሰተኛ ሸክላ መሥራት ነው። ሦስተኛው ስም መስረቅ ነው፤ ሌላው የተጫወተውን በራስ ስም ማውጣት ወይም የተጫወተውን ሰው ስም ሳይጽፉ መተው።

ለሦስተኛው የሚጠቀሰው የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው። ጆይስ ሃቶ የምትባል ፒያኖ ተጫዋች በእርጅናዋ ዘመን ከ100 በላይ ሲዲዎች ባሏ በሚመራው አሳታሚ በኩል ወጡላት። ታማ ከመድረክ ከራቀች ዓመታት ያለፏት ሴት ይህን ሁሉ መጫወቷ እንደ ተአምር ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሞተች። በዓመቱ አንድ አድማጭ ከሲዲዎቿ አንዱን ኮምፒውተር ውስጥ ከተተ፤ ኮምፒውተሩ የትራኮቹን ርዝመት አይቶ ከመዝገብ ጋር አመሳከረና የሌላ ፒያኖ ተጫዋች፣ የላስሎ ሲሞንን ስም አወጣ። ጉዳዩ ሲመረመር ብዙዎቹ ሲዲዎች ከሌሎች ሰዎች ቅጂ የተወሰዱ ሆነው ተገኙ፤ ባሏም በመጨረሻ አመነ። እዚህ ወንጀል ውስጥ ከማንም ቤት የጠፋ ዕቃ የለም። የተሰረቀው ማን እንደተጫወተው የሚለው መረጃ ብቻ ነው።

በእኛ ሸክላዎች ላይ የተፈጸመው በዚህ መጠን የታሰበበት አይደለም። ከልማድ የመጣ ነው። በሸክላው መሐል ባለችው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ጎላ ብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዴ የባንዱ ስም ይጨመራል። ከበሮውን የመታው፣ ዜማውን ያወጣው፣ ከኋላ ሆና የተቀበለችው አብዛኛውን ጊዜ የሉበትም። ያኔ ማንም እንደ ስርቆት አልቆጠረውም። ሸክላው ውጭ አገር ሲታተምና ገንዘብ ሲያስገኝ ግን ስሙ ያልተጻፈው ሰው ወይም ልጁ መጥቶ ድርሻዬ የታለ ማለቱ አይቀርም። ጥሩ የምርመራ ልብወለድ አዲስ የተፈጸመ ትንሽ ወንጀል ይይዝና ሲከተለው የኖረ ትልቅ በደል ላይ ይደርሳል። ሸክላ ሁለቱንም በአንድ ዕቃ ላይ ያቀርባል።

ፍንጩ

እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለምርመራ ልብወለድ አሥር ሕጎች አወጣ። ከእነሱ ሁለቱን እንያዝ፦ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢውም ማየት አለበት፤ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይል መፍትሔ ሆኖ መምጣት የለበትም። ስለዚህ ደራሲው ዕቃውን አገላብጦ ሊያውቀው ይገባል። ሸክላ ለሚያውቀው ብዙ ይናገራል።

ከሥሪቱ እንጀምር። በነጋድራስ ተሰማ ዘመን ሸክላ የሚሠራው ላክ የተባለች ትንሽ ነፍሳት ከምታወጣው ሙጫ ነበር፤ ይከብዳል፣ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ጎበጥ የሚለው የፕላስቲክ ሸክላ በስፋት የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1948 በኋላ ነው፤ ባለ 45 ዙሩ ደግሞ በ1949። እንግዲህ ደላላ «የተሰማ እሸቴ የጥንቱ ሸክላ» ብሎ ያቀረበው በእጅ ሲይዙት ጎበጥ ካለ፣ ሐሰተኛነቱን ለማወቅ ማጫወቻ እንኳ አያስፈልግም። በድምፁም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. እስከ 1925 ድረስ ቀረጻ የሚካሄደው ያለ ማይክራፎን፣ በትልቅ ጥሩንባ መሰል አፍ ፊት ተጠግቶ በመዝፈን ነበር፤ ወፍራሙ የክራር ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት የ1900 ዓ.ም. ሸክላ ሊኖር አይችልም።

ቀጥሎ ጠባሳው። የጥንቱ ግራሞፎን የብረት መርፌና ከባድ ክንድ አለው። በዚያ ላይ የተጫወተ የፕላስቲክ ሸክላ ጭረቱ ይፋቃል፤ ድምፁ ሲሰማ ከሥሩ የሚንኳኳ ነገር ይኖረዋል። ስለዚህ ሸክላዋ ጠፍታ ተፍቃ ብትገኝ፣ በቤቱ ከአሮጌ ግራሞፎን በቀር የሌለው ተጠርጣሪ ላይ ዓይን ይጣላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ግን ብዙ ሰው አይቶት የማያየው ነው። ሙዚቃው ካለቀበት መስመር አንስቶ እስከ መሐሏ ወረቀት ድረስ ባዶ ቀለበት አለ። መርፌው እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ቢያዩት ጥቃቅን ፊደልና ቁጥር ተጭሮበት ያገኛሉ። ሸክላ ሲሠራ ድምፁ መጀመሪያ ለስላሳ በሆነ ገበታ ላይ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኒኬል ተለብጦ የብረት ማተሚያ ይወጣለታል። ሠራተኛው የትኛው ማተሚያ የትኛው ዘፈን እንደሆነ እንዳይምታታበት ገበታው ላይ ቁጥሩን ይጭራል፤ ጭረቱም በሚታተመው ሸክላ ሁሉ ላይ ይወጣል። የአምሃ ሸክላዎች ቁጥር «ኤ ኢ» በሚሉ የላቲን ፊደላት፣ የካይፋዎቹ «ኬ ኤፍ» በሚሉ ይጀምራል። ወረቀት ይቀየራል፣ ይገለበጣል፣ ይቀደዳል። ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሸክላው ካልተሰበረ በቀር ከእሱ አይለይም። አንድሩ ካርትሜልም የሸክላ አዳኙን ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ የሰየመው በዚህ ቀለበት ላይ በሚጻፈው ጽሑፍ ነው።

መርማሪው

በእንግሊዝና በአሜሪካ ልብወለድ መርማሪው ብዙውን ጊዜ ብቸኛ ነው። ከሰው ተለይቶ ያስባል፤ በመጨረሻ ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ ያስረዳል። በአማርኛም የምርመራ ልብወለድን ካስለመዱን ደራስያን መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ይልማ ሀብተየስ ነው። ጉንችሬ ላይ ግን ብቸኛ መርማሪ ብናስቀምጥ አካባቢው አይቀበለውም። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ጀፎረ በተባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ምን ተሸክሞ አለፈ የሚለው ከደጃፍ ሆኖ ይታያል። በዚህ መንደር ፍንጭ የሚጠፋው ያየ ሰው ስለሌለ አይደለም፤ ያየው ሰው አልተጠየቀም ወይም መናገር አልፈለገም።

ለዚህ ዓይነቱ ማኅበረሰብ አገራችን የራሷ የምርመራ ዘዴ ነበራት፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ። ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን በመሐላ ይናገራል። ሌባው ካልተገኘ ጉዳቱን ሕዝቡ በጋራ ይከፍላል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ብልህነት አለበት፤ ዝም ያለ ሰው የዝምታውን ዋጋ ከኪሱ ያወጣል።

ይህን ወግ ልብወለድ ያደረገው ራሱ የጉራጌ ልጅ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1964 እ.ኤ.አ. በቸሃ ቋንቋ የጻፈው ታሪክ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቶለት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ «ዘ አፈርሳታ» የተሰኘውን ልብወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ። የናማጋ ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደሮቹም ጥፋተኛውን ለማግኘት ይሰበሰባሉ። ሣህለ ሥላሴ ታሪኩን የሚነዳው በአንድ ሰው ብልሃት አይደለም፤ ስብሰባው ራሱ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። ከጉራጌ ምድር የምርመራ ልብወለድ የሚጽፍ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ መጀመር የለበትም።

ሌላ የቆየ ዘዴም ነበር፤ ሌባሻይ። አንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር ይጠጣና ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባሻይን ከኖክስ ሕግ ጋር ብናስተያየው ለልብወለድ ለምን እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ አንባቢው ሊከተለው የሚችለው ምክንያት የለውም። አፈርሳታ ግን ሕጉን ያሟላል። ምስክሮቹ በአደባባይ ይናገራሉ፤ አንባቢውም ከሸንጎው ጋር ተቀምጦ ይመዝናል።

አፈርሳታ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ለደራሲው ደግሞ ከጥንካሬው ይልቅ ጉድለቱ ይጠቅመዋል። ሸንጎው የወንዶች ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ትልቁ ሸንጎ የጆካም እንዲሁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት የተባለችው ሴት እዚያ ሸንጎ ፊት ቀርባ የሴቶችን የጋብቻና የፍቺ መብት የተሟገተችው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኳ እስከ ዛሬ በቲያትርና በመጽሐፍ ይነገራል። እንግዲህ መላው መንደር ተጠይቆ ምስጢሩ ሳይወጣ ከቀረ፣ ጥያቄው ይህ ይሆናል፤ ያልተጠራው ማነው?

ጉንችሬ ላይ እንገንባው

ዕቃውን፣ ወንጀሉን፣ ፍንጩንና መርማሪውን ይዘናል። አሁን እንገጣጥማቸው።

መርካቶ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አንድ ነጋዴ ካረፉ ቆይተዋል። የሸክላ ሣጥናቸው ጉንችሬ ባለው የወንድማቸው ቤት ተቀምጧል። መስቀል ሲደርስ ዘመድ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። አንድ ደላላም ከዘመዶቹ አንዱን ተከትሎ ይመጣል፤ የሚፈልገው አንዲት በጥቂት ቅጂ የወጣች የጉራግኛ ዘፈን ሸክላ ነው። ዋጋ ይጠራል፤ ቤተሰቡ ይደነግጣል። ያን ምሽት ሸክላዎቹ በባትሪ ማጫወቻ ይሰማሉ። የተፈለገችዋ ስትጫወት፣ ከዘፋኙ ኋላ የምትቀበለው የሴት ድምፅ ገና ከመግባቷ የቤቱ እመቤት ተነሥተው ወደ ማድቤት ይሄዳሉ። ማንም ልብ አይለውም፤ ሴት ከእንግዳ መሐል ተነሥታ ማድቤት መሄዷ ምን ያስገርማል? ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው፤ ዓይን ፊት ቁጭ ብሏል።

በማግሥቱ ሸክላዋ የለችም። የወረቀት ከረጢቷ ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹ አንድ በአንድ ይምላሉ። ደላላው ይጠረጠራል፤ ከመርካቶ የመጣው የወንድም ልጅ ዕዳ እንዳለበት ይሰማል፤ በአሮጌ ግራሞፎኑ የሚታወቀው ጎረቤት ይፈተሻል። ምንም አይገኝም። ደላላው ቂም ቋጥሮ፣ ቤተሰቡ ተቀያይሞ ይበተናል።

ዓመት ያልፋል። የሚቀጥለው መስቀል ሲቃረብ ለክትፎው የሚሆነው ቆጮ ይወጣል። እዚህ ላይ ደራሲው መቸኮል የለበትም፤ ቀረብ ብሎ ማየት አለበት። ጉድጓዱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ይነሣል። ከስሩ የጠቆረ የኮባ ቅጠል ይገለጣል፤ ኮምጣጣው ሽታ ግቢውን ይሞላል። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለበዓሉ የመጣችው የልጅ ልጅ ቅጠሉን ስትገፍፍ፣ በቆጮውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል፣ በሌላ ኮባ ተጠቅልሎ ክብ የሆነ ነገር እጇን ይነካታል። ታጥባ ወደ ፀሐይ ታዘነብለዋለች። የመሐሉ ወረቀት በእርጥበቱና በኮምጣጣው ጠፍቷል፤ ስም የለም፣ ርዕስ የለም። ባዶው ቀለበት ላይ ያለው ጭረት ግን ይነበባል። ልጅቱ የቀረውን ከረጢት አምጥታ ቁጥሩን ታስተያያለች። ያው ነው።

«እማማ፣ ይህ ጉድጓድ የተከደነው መቼ ነው?»

«ያለፈው መስቀል ማግሥት ነዋ።»

«ማን ከደነው?»

«ማን ይከድነዋል? እኔ ነኝ።»

«ከወንዶቹ ያገዘዎት የለም?»

«ወንድ ከቆጮ ጉድጓድ ምን አለው፣ ልጄ!»

ይህ መልስ ሸንጎው ያስማላቸውን ወንዶች በሙሉ ነጻ ያወጣል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል፤ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈት የምታውቀው እንሰቱን የፋቀችው፣ ያቦካችውና የከደነችው ሴት ናት። አንድ የመርካቶ ልጅ ሸክላ ሊደብቅ ቢፈልግ ጣሪያ ውስጥ ወይም ሻንጣው ታች ያደርገዋል። ዓመት ሙሉ ማንም የማይነካው ቦታ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ፍንጩን ለመፍታት የጣት አሻራ አላስፈለገም፤ የቤት ሥራ የማን እንደሆነ ማወቅ በቂ ነው።

እመቤቷ ለምን ደበቋት? ከዘፋኙ ኋላ የምትቀበለው ድምፅ የራሳቸው ነው። በወጣትነታቸው መርካቶ ዘመድ ጋ በነበሩበት ጊዜ ቀረጻ ላይ ገብተው ተቀብለዋል። ወረቀቱ ላይ ስማቸው አልተጻፈም፤ እሳቸውም ትዳር ሲይዙ ለማንም አልተናገሩም። ሸክላዋ ተሸጣ ባሕር ስትሻገር ግን ድምፃቸው ያለ ስም የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ነው። ሸንጎው ቢጠይቃቸው ኖሮ ይናገሩ እንደነበር ለልጅቱ ይነግሯታል። የጠየቃቸው አልነበረም።

መፍትሔው ምን ያደርጋል?

ደካማ ደራሲ እዚህ ያቆማል፤ ሌባዋ ተገኘች፣ ሸክላዋ ተመለሰች። ግን አንባቢው ወዲያው የሚጠይቀው አለ። ሸክላዋ አሁን የማን ናት? ድምፁስ?

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሕግ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ቢደነግግም የዘፋኝና የተጫዋች መብት በግልጽ የተቀመጠው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። አዋጁ ሁለት ነገሮችን ይለያል። ሸክላዋን እንደ ዕቃ የያዘ ሰው ሊሸጣት ይችላል፤ በውስጧ ያለውን ድምፅ አባዝቶ የመሸጥ መብት ግን ከዕቃው ጋር አብሮ አይተላለፍም። ለተጫዋችና ለድምፅ ቅጂ አሳታሚ የሚሰጠው ጥበቃ የሚቆጠረው በዓመታት ነው፤ ዘመኑም 50 ዓመት ነው። ስለዚህ ሸክላዋ የታተመችበት ዓመት፣ እስከ አሁን ከቁጥር ያለፈ ነገር ያልመሰለን፣ ገንዘብ ይሆናል። አንዱ ወገን ሸክላዋ የቆየች እንድትሆን፣ ሌላው የቅርብ እንድትሆን ይፈልጋል። ሁለተኛ ወንጀል የሚወለድበት ቀዳዳም ይህ ነው፤ ደራሲው ተከታታይ መጽሐፍ ካሰበ ከዚህ ይቀጥላል።

የስሙ ጉዳይ ደግሞ ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ አፈርሳታው ይመልሰናል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሙሉ ሆኖ። የሸክላዋ ወረቀት ጠፍቷል፤ ቁጥሩ የሚናገረው የትኛዋ ሸክላ እንደሆነች ብቻ ነው። ማን ክራር መታ፣ ማን አጨበጨበ፣ ዜማውን ማን አመጣው የሚለው በሰው ትዝታ ውስጥ ተበትኖ አለ። አንዱ አጎት ቀረጻው የተደረገበትን ቤት ያስታውሳሉ፤ ሌላው ከበሮ መቺውን ያውቁታል፤ አንዲት አክስት የዜማውን ምንጭ ከሠርግ ያውቁታል። የልጅ ልጅቱ ሥራ እነዚህን ማስቀመጥ፣ ማጠያየቅ፣ የሚጋጨውን መለየት ነው። የኢትዮጵያን ሸክላዎች ታሪክ ከጥፋት ያተረፉ ሰዎች ያደረጉትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መዝገብ ስላልተገኘ የሙዚቀኞቹን ደጅ አንኳክተው ጠየቁ። ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ያኔ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው እያነሰ ነው፤ አምሃ እሸቴም ዓለማየሁ እሸቴም በ2021 እ.ኤ.አ. በወራት ልዩነት አርፈዋል።

ከዚህ ምዕራፍ ሊቀር የሚገባው የሥራ ደንብ እንግዲህ አንድ ነው። የምርመራ ልብወለድን የሚያቆመው የሌባው ብልጠት ወይም የመርማሪው ጭንቅላት ነው ይባላል። ጉንችሬ ላይ የሞከርነው የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ደራሲ የገጸ ባሕርያቱን ስም ዝርዝር ሲጨርስ፣ ማን ምስክርነት እንዳልተጠየቀ ለይቶ ምልክት ያድርግ፤ ወጥ የምትሠራዋን፣ ዕቃ የሚያወርደውን፣ ከዘፋኙ ኋላ ቆማ የምትቀበለውን። ሴራው የሚፈታው በአብዛኛው ከእነሱ አንዱ አፍ ሲከፍት ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህንኑ ደንብ ይዘን ወደ ፍርድ ቤት እንገባለን፤ እውነቱን የሚያውቅ ምስክር ቀርቦ ሲዋሽ ደራሲው አንባቢውን እንዴት እንደሚያነቃው እናያለን።